የመርየም አራት ደቂቃ

ቤዛ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወርድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። እስከ አስራ አንድ ሰዓት አንድ ፊርማ ካላመጣች ፊልሟ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። በቃ፣ የሁለት ዓመት ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪጋሊ ላይ የፊልም ገበያ አለ። ገበያ ሲባል ቲኬት የሚሸጥበት እንዳይመስላችሁ፤ ገና ያላለቀ ፊልም ተይዞ የሚኬድበት ነው። ከየሀገሩ የመጡ ፕሮዲዩሰሮችና የፌስቲቫል ሰዎች ተቀምጠው ያያሉ። አንዱ «አብረን እንስራው» ካለ ፊልሙ ያልቃል፣ ከኬንያ እስከ ፈረንሳይ ይታያል። ከመቶ ምናምን ፊልም አስር ተመረጠ፤ ከአስሩ አንዱ የቤዛ ነው። እልልታው ሳይበርድ ግን፣ ዛሬ ቀን ላይ ናይሮቢ ያለችው አጋሯ አማል ደወለች።

«የሰውየው የፈቃድ ወረቀት የታለ?»

«የምን ወረቀት? በቃል ፈቅደውልኛል እኮ።»

«ቤዛ፣ እነሱ ቃል የሚባል ነገር አያውቁም። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»

ሰውየው የፊልሙ ባለታሪክ ጋሽ አብዱልመናን ናቸው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ የቤተክርስቲያን ጥላ ይሰፋሉ፤ ሙስሊም ናቸው፣ የልደታ ማርያም ጥላ ግን ስንቱ በእጃቸው አልፏል። ቤዛን ከልጅነቷ ያውቋታል። እንደሳቸው ላለ ሰው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ማለት «አላምንዎትም» ማለት መስሏት፣ ሁለት ዓመት ስትቀርጻቸው አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ስትደርስ ቀይ ከፋይ ላይ ወርቃማ ዘርፍ እየሰፉ ነው። ጎረቤታቸው ሙለታ፣ ጫማ ሰሪው፣ በሩን ተደግፎ ያወራል።

«ዳይሬክተሯ መጣች! ካሜራ የለም እንዴ? ጋሼ፣ የዛሬው መታጠብዎ ከንቱ ነው!»

ቤዛ መሳቅ አቃታት። «ጋሼ፣ ፊርማዎን ፈልጌ ነው።»

መርፌው ቆመ።

«ባለፈው አንዱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ» አሉ። «ለመረጃ ብቻ ነው ብሎ አስፈረመን። በሳምንቱ ግድግዳዬ ላይ ቤቱ ይፈርሳል የሚል ቀይ ምልክት ተቀባ።»

«እኔ እንደሱ ነኝ፣ ጋሼ?»

«አይደለሽም። ለዛ አይደል በቃል የሰጠሁሽ? እስቲ አንብቢው።»

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እየተረጎመች አነበበች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ። የተቀረጸው ምስል ሁሉ ይታያል ይላል፣ በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ። ይቺን ብትዘላት ማን ያውቅባታል? ጋሼ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ሙለታም አይችልም። ሰዓቷን አየች፤ አስር ከሩብ። ለመዝለል አፏን ከፈተች... ከዛ እንዳለ አነበበችው።

«ሁሉ?» አሉ። «መርየምንም?»

መርየም ባለፈው ዓመት የሞቱት ሚስታቸው ናቸው። ቤዛ በሕመማቸው ሰሞን ቀርጻቸዋለች። አራት ደቂቃ ናት፣ ግን ፊልሙ የተመረጠው በሷ ነው። ጋሼ ደግሞ እስከዛሬ ማየት እምቢ ብለው ነበር።

«አሳዪኝ» አሉ። «ሙለታ፣ አንተ ውጣ።»

በስልኳ ከፈተችላቸው። መርየም ፍራሽ ላይ ደገፍ ብለው የባላቸውን ስፌት ያያሉ። ሻሻቸው ተንሸራቶ የሳሳው ፀጉራቸው ይታያል። «አንተ ሰውዬ፣ ዘርፉ ተጣሟል» ይላሉ በዛ በደከመ ድምፅ። «ማርያምስ ብትታዘብህ?» ከዛ ይስቃሉ፣ ሳሉ እስኪያቋርጣቸው። ጋሼም የሰፉትን ይተረትራሉ።

ሁለቴ አዩት። አስር ተኩል አለፈ።

«ሻሿን ለምን አላስተካከልኩላትም?» አሉ ለራሳቸው።

«ይውጣ ካሉኝ አወጣዋለሁ» አለች ቤዛ። አፏ ቀድሟት ነው።

«ቆይ። እዛ የሚያዩት ሰዎች ያውቋታል?»

«ማንም አያውቃቸውም።»

«እንግዲያው እነሱ ይዩ። ሳቋንም ይስሙ። የሚያውቃት ሰው ግን እንደዚህ ሆና አያያትም። እሷ ያለችበት ፊልም እኔ ካልፈቀድኩ እዚህ አገር አይታይም። ይሄንን ጻፊና እፈርማለሁ።»

ልትከራከር ፈለገች። አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ስንቴ አልማለች! ግን ፊታቸውን አየችና እስክሪብቶ አወጣች። እሳቸው እስኪፈቅዱ ኢትዮጵያ ውስጥ አይታይም ብላ ከታች ጻፈች። ጋሼ ስማቸውን አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ ፈረሙ። ፎቶ አንስታ ስትልክ ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ ነው።

አማል ወዲያው ደወለች። «ይሄ የእጅ ጽሑፍ ምንድነው? የራስሽን አገር በራስሽ ላይ ትዘጊያለሽ?»

«ካልተቀበሉት ይሰርዙኝ።»

«አብደሻል! ቆይ፣ ልጠይቃቸው።»

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። አለፈ። ጋሼ ወደ ስፌታቸው ተመልሰዋል፤ ቤዛ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዱካው ላይ ተቀምጣለች። አምስት ደቂቃ። አስር። ከዛ የአማል መልእክት ገባ።

«ተቀብለዋል። ማክሰኞ ጠዋት ታቀርቢያለሽ።»

ሙለታ ጭንቅላቱን በበሩ አስገባ። «ተሳካ? ፊትሽ ላይ አየሁት! ስሚ፣ የሱቄን ግድግዳ ነጭ እቀባዋለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እዛ ላይ ያያል። ለኛ መቼ ነው?»

ጋሼ ቀና አላሉም።

«ለናንተ አይደለም፣ ሙሌ» አለች።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዛ ፊቷን ደግሞ አየና ሳቁን ተወው።