ምራት ያለሰለሰችው መሬት

ባሏ በሞተ በዓመቱ አማቷ ጠርተው ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችውን መሬት ሰጧት።

«እንግዲህ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪም። ይቺን ያዢና ያሻሽን ዝሪባት» አሏት።

ነገሩ ደግነት ይመስላል። ያቺ መሬት ምን እንደሆነች የማያውቅ ግን በቤቱ አልነበረም። መጋዘኑ ከተሠራ ጀምሮ ትራክተሩ የሚዞረው፣ ኮምባይነሩ የሚያድረው፣ እህል ጫኝ መኪኖች ተራ የሚጠብቁት እዚያው ላይ ነው። ጎማ ሲደፈጥጣት ኖሮ ዶማ የሚመልስ ደረት አውጥታለች። ዝናብ ሲጥል ውሃው አይሰርግም፤ ላይዋ ላይ ተኝቶ ፀሐይ እስኪወስደው ይሸታል። አንድ ጊዜ በቆሎ ተሞክሮባት ነበር። ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ሲነቅሉት ሥሩ ወደ ታች መሄድ አቅቶት ወደ ጎን ታጥፎ ተገኘ።

ትራክተሩን የሚነዳው ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ሲሰማ ሳቀ።

«አባባ፣ መሬት ይስጧት ብንል አስፋልት ሰጧት እንዴ?»

አማቷም ሳቁ። ምራት አልሳቀችም፤ አላኮረፈችምም። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ምራት በባሏ ቤተሰብ ግቢ የእንግዳ ያህል እንኳ ቦታ እንደሌላት ታውቃለች። እንግዳ ቢያንስ ተቀመጥ ይባላል።

በማግሥቱ ከመሬቷ አንድ ጓል በፌስታል ይዛ ዘርና ማዳበሪያ ወደሚሸጥበት መደብር ሄደች። የመደብሩ ባለቤት ደንበኛ ሁሉ እትዬ የሚላት፣ ሰው ደስ እንዲለው ብላ አንዲት ቃል የማትጨምር ሴት ነበረች። ጓሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በቁልፏ ጫፍ ቧጨረችው።

«መሬት ነው ወይስ ጡብ?»

«መሬት ነበር» አለች ምራት።

እትዬ ከመደርደሪያው ሥር እንደ ተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ፈሳሽ ያለበት ጀሪካን ጎትታ አወጣች።

«ይሄ ሂዩሚክ ነው። ከጥንት ጀምሮ ከበሰበሰ ተክል የሚወጣ ነገር ነው። አፈሩ እንዲፈረፍር፣ ውሃ እንዲያሳልፍ፣ ሥር እንዲያስገባ ያግዘዋል። ያግዘዋል ነው ያልኩሽ። ይሄን ብቻ አፍስሰሽ ከተኛሽ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። መጀመሪያ ስበሪው፤ ፍግና ብስባሽ አብዪው፤ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ነገር ዝሪበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎማ አታስረግጪው፤ እርጥብ ሲሆንማ ጭራሽ።»

«ብዙ ጊዜ ይፈጃል?»

«ይፈጃል። ከቸኮልሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ፤ ውሸት የሚሸጡ ሞልተዋል።»

ምራት ጀሪካኑን ተሸክማ ተመለሰች። ያን በጋ መዳፏ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ እንደገና እስኪቋጥር ድረስ ቆፈረች። ከከብቶቹ ጋጣ ፍግ በጀርባዋ አመላለሰች፤ ሰው የሚያቃጥለውን የበቆሎ አገዳ ለምና እየከታተፈች አለበሰቻት። ጥቁሩን ፈሳሽ በውሃ እየበጠበጠች ማታ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ታጠጣለች። ከዚያ ሥሩ ጠልቆ የሚሄደውን የከብት መኖ፣ አልፋልፋ፣ ዘራች። ዙሪያውን ደግሞ በእንጨትና በሽቦ አጠረች።

አጥሩ ነው ጠብ ያመጣው። ዋርሳዋ ትራክተሩን ይዞ መጥቶ ሽቦው ፊት ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ።

«እኔ በየት ልዙር?»

«በታች በኩል ዙር፣ ጋሼ። እዚያም ሰፊ ነው።»

«ለአልፋልፋ ብዬ ነዳጅ ልጨርስ?»

«አፈሩ እርጥብ ነው። አንዴ ካለፍክበት የለፋሁት ሁሉ ገደል ይገባል።»

«አፈር ነው እኮ፣ እቴ። እንቁላል አይደለም» አለና ዞረ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታው ከአንገት በላይ ሆነ፤ ትራክተሩንም በታች በኩል ማሳደር ጀመረ።

የመጀመሪያው ዓመት አንጀት የሚያርስ ነገር አልታየም። አልፋልፋው እዚህም እዚያም ብቅ አለ፤ ገላጣው ግን ይበዛል። «መድኃኒትሽ ሳይደርስለት ሞተ መሰለኝ» እያለ ዋርሳዋ ቀለደባት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ፍጉንም ጥቁሩንም ቀጠለች። በሁለተኛው ክረምት ዝናቡ ሲያባራ ወጥታ ብታይ፣ ሌላው ማሳ ኩሬ ሆኖ ሳለ የሷ ላይ ውሃ የለም። መሬቷ ጠጥታዋለች። ምራት እዚያው ጭቃው ውስጥ ቁጢጥ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረች፤ ጣቷ ገባ። ትል አገኘች፤ ሌላም አገኘች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአፏ ያልወጣ ሳቅ መጣባት፤ ሰው እንዳያያት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

በቀጣዩ ዓመት የዘራችው በቆሎ ከእሷ ቁመት አለፈ። መንገደኛ ቆሞ ያይ ጀመር። ከመኸሩ በኋላ አማቷ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ከዘራውን መሬቱ ላይ ቢተክሉት ሳይገፉት ሰመጠ። ነቅለው ሌላ ቦታ ተከሉት፤ እዚያም ሰመጠ። ምራት አጠገባቸው ቆማ የምስጋና ቃል ጠበቀች፤ አልደበቀችውም፣ ጠበቀች።

«የኔ ነው ብለው የሚኮሩበት መሬት ነው» አሉና ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ሳሎን ውስጥ ጠሯት። ዋርሳዋም ተቀምጧል።

«የዚህ ልጅ ሊያገባ ነው» አሉ አማቷ ወደ ዋርሳዋ እየጠቆሙ። «የልጅ ልጄ ባዶ እጁን ትዳር አይዝም። ያቺን የመጋዘኑን ጀርባ ለሱ አስቤያታለሁ።»

ምራት መጀመሪያ በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

«የሰጡኝን፣ አባባ?»

«አንቺ አትራቢም። ትራክተሩ የሚያድርባትን የታችኛዋን ውሰጂ።»

«እሷማ እንደ ድሮዋ ሆናለች። አጥሩ ከቆመ ጀምሮ ጎማው ሁሉ እሷ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አለ ዋርሳዋ። «አንቺ እንደሆንሽ ማለስለስ ታውቂበታለሽ።»

ቀልዶ አይደለም፤ ያሞገሳት መስሎት ነው። እሱ ነው ይበልጥ የጎዳት። ምራት ወንበሩን ትታ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የአማቷን ጉልበት ያዘች።

«አፈር ስሆን፣ አባባ። ሌላ አልጠይቅም። እሷን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ተነሽ፣ ተነሽ። ለአንድ ቁራሽ መሬት ሰው እንዲህ አይሆንም» አሉ፤ እግራቸውንም ሰበሰቡ።

ተነሳች። በነጋታው አንድ ሻንጣ ይዛ ከግቢው ወጣች። ማንም ተመለሽ አላላትም፤ አማቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ቀና ብለው አይተዋት መልሰው አቀረቀሩ። እትዬ መደብሯ ውስጥ ሥራ ሰጠቻት፤ ከዕቃ ማከማቻው ጎን አልጋ የሚያስገባ ክፍልም ለቀቀችላት።

ከሁለት ክረምት በኋላ ዋርሳዋ በመደብሩ በር ገባ። ከባንኮኒው ኋላ ሲያያት ትንሽ ደንገጥ አለ።

«ምን ልታዘዝ? ምን ይፈልጋሉ?» አለችው።

«ከመቼ ወዲህ ነው እኔ እርስዎ የሆንኩት?»

«እዚህ ደንበኛ ሁሉ እርስዎ ነው።»

አንገቱን አከከ። «ያ ጥቁሩ ነገር አለ? አምናም ወስደን ነበር፤ ከሌላ ሱቅ። በርሜል ሙሉ አፈሰስንበት። በቆሎው ግን ቢጫ ሆነ፤ ውሃውም ይተኛል። ልጁ ሚስቱ ፊት አፈረ።»

«ትራክተሩ የት ነው የሚያድረው?»

«የት ያድራል? አጥሩን ካነሳን ወዲህ እዚያው ነው፤ ለመጋዘኑ ይቀርባል።»

«እሱን ያውጡት። ፍግ ያብሉት፤ አልፋልፋ ይዝሩበት። እርጥብ ሲሆን እግርም አይብዛበት። ጥቁሩ ከዚያ በኋላ ያግዛል።»

ሌላ የምትጨምረው ያለ ይመስል ጠበቃት። እሷ ወደ ጀሪካኖቹ ስትዞር ፊቱ ተለወጠ።

«የደበቅሽው ነገር አለ። አባባም ብለዋል፤ መሬቱን ረግማው ነው የሄደችው ብለዋል።»

ምራት ስንት ቀን በልቧ ያሰበችው ሰዓት ይሄ ነበር። ተዋርደው ሲመጡ ልቧ ቅቤ የሚጠጣ ይመስላት ነበር። አሁን የታያት ግን ከጎማው ሥር የቀሩት ትሎች ናቸው፤ በጣቷ ያገኘቻቸው። ለሰዎቹ አላዘነችም፤ አልፈረደችባቸውምም። አፈሩ ግን አንጀቷን በላው፤ ምንም ሳያጠፋ።

«ስንት ጀሪካን ልስጥዎት?» አለች።

ሁለት ወሰደ። ትራክተሩን እንደማያወጣ ከአያያዙ ታወቃት፤ ሸጠችለት። መኪናው ላይ ጭኖ ሳይሰናበታት ሄደ።

እትዬ ከጓዳ ብቅ አለች። «ዘመድሽ ነው?»

«የባሌ ወንድም ነበር።»

«አሁንስ?»

ምራት ሌላ ሰው ሲገባ አይታ ወደ ባንኮኒው ተጠጋችና «ምን ልታዘዝ? ምን ይፈልጋሉ?» አለች።