ጨው ያልነካው ቋንጣ

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቋንጣ ሙያዋ የምትታወቅ የብርጓል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖራለች። አንድ ሐምሌ የጣሊያኑ ሻምበል አስተርጓሚ፣ ባዘዘው የሚባል ሰው፣ የበሬ ታፋ በአህያ አስጭኖ ደጇ ቆመ።

«እትዬ የብርጓል፣ ይህን ያድርቁልን። ለሻምበሉ ውሾች ነው።»

«ለማን?»

«ዱካ ለሚያሸቱት ለሁለቱ ውሾች። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ። ሥጋ ብቻ ይሁን ብሏል።»

«በሐምሌ? ያለ ጨው? እንግዲያው ፀሐይም ይዘዝልኝ በለው!»

እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ግን ታውቃለች። ዘልዝላ ሰቀለችው። እጇ አላስችል ብሏት ጥቂት ጨው ነሰነሰችበት። ባዘዘው ተናዶ ተመለሰ፤ ውሾቹ ውኃ ሲጠጡ አድረው የሻምበሉን ምንጣፍ አበላሽተዋል። ሌላ ታፋ ጥሎባት ሄደ። ያ ደግሞ ያለ ጨው ተሰቅሎ ሸተተ፣ ተላ። ተሰደበችበት። ሦስተኛውን እንደ ቅጠል አሳስታ ዘለዘለችና ከምድጃው በላይ ሰቅላ፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ዝንብ ስትከላከል ውላ አደረቀችው። ውሾቹ ወደዱት። ይሄ ከሁሉ የባሰ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሥጋ ማብቂያ አጣ።

ፍልሰታ ገባ። የብርጓል ጾሟን ውላ ለውሻ ሥጋ ትዘለዝላለች። ታየች የምትባል ጎረቤቷ ሰላምታ ነሳቻት። «ሰው በተራበበት አገር የጣሊያን ውሻ ቋንጣ ይቆረጥማል!» ትላለች፣ እንድትሰማት ብላ በአጥሩ በኩል። ውሾቹ ደግሞ እያመለጡ መጥተው ደጇ ላይ ይተኛሉ። በዱላ ስታባርራቸው ጅራታቸውን ይቆላሉ።

«ጌታችሁን ነበር በዚህ ዱላ!» ትላቸዋለች።

አንድ ጠዋት አርበኞች ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የስልክ ሽቦ ቆርጠው ወደ ሮብ ገበያ አቅጣጫ ተሰወሩ። አንደኛው ጋቢውን ጥሎ ኖሯል። ሻምበሉ ወታደሮቹን አስከትሎ መጣና ጋቢውን ለውሾቹ አስሸተተ። ውሾቹ አሸተቱ፣ ዞር ዞር አሉ፣ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ከተማው መልሰው ፈረጠጡ። ወታደሮቹ ተከተሉ።

በሯ ተበርግዶ ጠመንጃ ሲደገንባት የብርጓል ሥጋ እየዘለዘለች ነበር። አልጋዋን ገለበጡ፣ የእህል ጎታዋን በሳንጃ ወጉ። ሰው የለም። ሁለቱ ውሾች ከተሰቀለው ቋንጣ ሥር ቁጭ ብለው ለሃጫቸውን ያዝረበርባሉ።

ሻምበሉ በላብ ተጠምቆ ደረሰና ጮኸባት።

«ምን ይላል?»

«‹ውሾቼን ምን አብልተሽ ነው ያበላሸሻቸው?› ነው የሚል» አለ ባዘዘው፣ ሳቁን እየዋጠ።

«ሥጋ ብቻ! ራሱ ያዘዘውን! ንገረው እንጂ!»

ሻምበሉ ቋንጣውን አስረግፎ አስወሰደና ሁለተኛ እንዳትሠራ ከለከላት። እስከዚያ አርበኞቹ ርቀው ሄደዋል።

በማግሥቱ ታየች እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ምን ዓይነት ክፉ ነኝ! ለካ ውሾቹን ዱካ ልታስቺ ኖሯል! ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ምኑን? እኔ ሥጋ ነው ያደረቅሁት።»

«እሺ፣ አትናገሪ፤ ገብቶኛል።»

«ምንም አልገባሽም! ስሚኝ እንጂ...»

ታየች ግን ወሬውን ይዛ ወደ ገበያ ገስግሳለች። ይህን ጣሊያን ቢሰማ ስቅላት ነው። የብርጓል ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ «አንቺ ታየች! ታየች!» እያለች ተከትላ ሮጠች፤ ገበያው አፋፍ ላይ ደረሰችባትና አፏን በመዳፏ ከደነችው። ከዚያ ወዲህ ጾሙ እስኪፈታ ከአጠገቧ አልተለየችም። ውኃም አብረው ወረዱ፣ ገበያም አብረው ዋሉ፤ ታየች አፏን በከፈተች ቁጥር የብርጓል ክንዷን ትቆነጥጣታለች።