ያላለቀው መታጠፊያ

«እያቸው፣ አሁንም ወደ ውጭ ያያሉ» አለች ሐዘንተኛዋ፣ አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ።

«እነማን?»

«የብስክሌቶቹ ልጆች ናቸዋ። አንዴ ወደ እኔ ካዩ አሥሬ ወደ በሩ ነው። መሄድ ከፈለጉ ማን ያዛቸው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ዞር አለች። ልጆች ይባላሉ እንጂ ልጅነታቸው ካለፈ ቆይቷል፤ አንደኛው እንዲያውም ጢሙ የሸበተ ነርስ ነው። ግድግዳውን ይዘው በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል። ጥቂት ቆይተው፣ እንደ ተማከረ ሰው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀና አሉ። በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ባሻገር፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ ኮረብታው ይታያል። ኮረብታው አናት ላይ ደመና ተቀምጧል።

«ሐዘን ነው። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያፈዛል።»

«እኔን ያላፈዘዘኝን?»

ልብስ ሰፊዋ ሻይ ጨመረችላት።

ከማዶ የሟቹ ታላቅ ወንድም ተቀምጠዋል። ሐዘንተኛዋ ጋሼ ነው የምትላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እሳቸው ከግምጃ ቤቱ ጡረታ ወጡ እንጂ ግምጃ ቤቱ ከሳቸው አልወጣም። ወንድማቸው ባረፈ ዕለት አልቅሰው ሲያበቁ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር፣ ጓሮ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን መቆለፍና ቁልፉን ኪሳቸው መክተት ነበር። «ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል» አሉ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው አካፋ፣ ዶማ፣ መጋዝና የእጅ ጋሪ ነው። አብዛኛው በልመና የመጣ ነው።

ሟቹ፣ የሐዘንተኛዋ ባል፣ በያጅ ነበር። አንድ ቀን፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ የለበሱ ሰዎች የተሰበረ ዶማ ይዘው ጋራዡ መጡ።

«ምን ስትቆፍሩ ነው?» አላቸው።

«መንገድ።»

«ማን ቀጥሯችሁ?»

«ማንም። በትርፍ ጊዜያችን ነው። ከኮረብታው በብስክሌት የሚወረድበት ቀጭን መንገድ።»

«በነጻ ቆፍራችሁ እናንተው ልትፈጠፈጡበት?»

ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ዶማውን በይዶ ሲሰጣቸው ሒሳብ ጠየቁት። «እንዲህ ላለው እብደት ዋጋ አላወጣሁም» አላቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ሊያያቸው ወጣ። ሲመለስ እሱም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጋራዡ የሚመጣ ባለመኪና ሁሉ መከራውን አየ። «መኪናህን ነገ ውሰድ። እግረ መንገድህን፣ ቤትህ የማትሠራባት አካፋ የለችም?» ይላል። የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ብረት ካገኘ ቀጥቅጦ ዶማ ያወጣለታል። የመጣውን አካፋ ቤት ያመጣና እጀታውን ይጠግናል፤ ሚስቱ እራት አቅርባ ትጠብቀዋለች።

«ደህና በያጅ አግብቼ ለማኝ ሆነህ ቀረህ» ትለዋለች።

«ለማኝ ለራሱ ነው የሚለምነው። እኔ ደላላ ነኝ።»

እሱ ራሱ አንድም ቀን ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሲለምኑት «እናንተ ብትወድቁ እኔ አለሁ። እኔ ብወድቅ ማን ይበይደኛል?» ይላቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ነርሱ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና እጆቹን አጣመረ። ሐዘንተኛዋ ባዶ ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ከብስክሌተኞቹ አንዷ ልታግዛት ተከተለቻት። ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው። ጓደኞቿ ፍሬን የለሽ ይሏታል፤ ግማሹ ለብስክሌቷ፣ ግማሹ ለምላሷ መሆኑን ሟቹ ለሚስቱ አጫውቷት ያውቃል። ከሐዘኑ ወዲህ ግን ከ«እግዜር ያጽናሽ» በቀር ቃል አልወጣትም።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቤቴ ውስጥ ምን አስቀየማችሁ?»

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ!»

«ታዲያ በር በር የምታዩት ምንድነው?»

ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበችው። «ብትናገሪ አልምርሽም ብሎኛል፣ ነርሱ።»

«እኔ አለሁልሽ።»

«መታጠፊያው ነው፣ እትዬ» አለችና ምላሷ ተፈታ። «የመጨረሻው መታጠፊያ፣ ላይ ያለው። እሱ ባረፈ ዕለት ጠዋት አብረን ነበር የቆረጥነው። አፈሩን መጠቅጠቅ ብቻ ነበር የቀረን፣ የውሃ መውጫውንም መክፈት። እሱ ደግሞ መጠቅጠቂያ ሠርቻለሁ፣ ከጋራዥ ላምጣ ብሎ ወረደ። ከዚያ ስልክ ተደወለልን… ሁሉንም እንዳለ ጥለን መጣን። አፈሩ እንደ ዱቄት ነው። ዝናብ ካገኘው መታጠፊያው ከነአፈሩ ቁልቁል ነው የሚሄደው።»

«ለምን ዝም አላችሁ ታዲያ?»

«እንዴት ብለን? ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ‹ዶማ ስጪን› ይባላል? ለቅሶው እስኪያልቅ ማንም ኮረብታው ላይ እንዳይወጣ ተማማልን። ለሱ ክብር ብለን።»

«ለሱ ክብር» አለች ሐዘንተኛዋ። እጇ እንደ ረጠበ ቆማ ቀረች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ባሏ ጫማውን እያሰረ የነገራት ነገር ነበር። እሷ ጉልበቷን ያማታል፤ ኮረብታውን ከመስኮት እንጂ በእግሯ አታውቀውም። «ይኸኛውን መታጠፊያ ሰፋ አድርጌ፣ ዳገቱን ለዘብ አድርጌ ነው የማስቆርጠው» አላት። «ልጆቹ ለብስክሌት ይመስላቸዋል። አንቺን ላወጣበት ነው። ላዩ ላይ ሆነሽ ቤታችንን ብታይው፣ የክብሪት ሣጥን ነው የሚያክለው።» እሷ ደግሞ መጥበሻዋ ላይ ነበር ልቧ። «መጀመሪያ ይለቅ፣ ያኔ እናያለን» ነበር ያለችው። ከኮረብታው ወርዶ ጋራዡ ሲደርስ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አልተነሣም።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

«ጋሼ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«ለምንሽ?»

«ልጆቹ ሊቆፍሩ ነው።»

ነርሱ ፍሬን የለሽን በዓይኑ ፈለጋት፤ እሷ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ነበረች።

«ዛሬ?» አሉ ጋሼ። «እሱን አፈር ባለበስን ማግስት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እዚሁ ተቀምጧል፣ እንጠይቀው።»

ሁሉም ብርጭቆውን አየ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ «እኔ እንኳ ምንም አላልኩ። ዝናቡ ግን ሊል ነው» አለች።

«ዕቃው ተቆጥሮ ነው የተቆለፈው» አሉ ጋሼ።

«ቆጥረው ይስጧቸው።»

«የእናቴ ልጅ እኮ ነው!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «እንደ ወጉ እንኳ ልቀመጥለት እንጂ።»

ሐዘንተኛዋ አጠገባቸው ሄዳ ጎንበስ አለች። «እኔም እቀመጥለታለሁ፣ ጋሼ። ግን የመጨረሻ ሥራውን ጎርፍ እየወሰደው እኛ እዚህ ከተቀመጥን፣ ለማን ነው የተቀመጥነው?»

ጋሼ ቁልፉን አልሰጧትም። ተነሡና ራሳቸው ወደ ጓሮ ወጥተው መጋዘኑን ከፈቱ።

ልጆቹ እየተቻኮሉ አነሡ። አንዱ ጋሪውን፣ ሌላው ዶማ፣ ነርሱ ረጅሙን መጋዝ። ነርሱ መጠቅጠቂያው ጋራዥ እንዳለ፣ ሲያልፉ እንደሚያነሡት ተናገረ። ጥግ ላይ፣ እጀታዋ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች አጭር አካፋ ቀረች። የሟቹ ናት። ማንም እጁን አልዘረጋም።

ሐዘንተኛዋ አነሣቻትና ለጋሼ ዘረጋችላቸው።

«እኔ?»

«አካፋ ይዘው አያውቁም?»

«ሳስፈርም ነው የማውቀው!»

ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነርሱ ሳቀ። «ዛሬ በእምነት እንስጥዎ፣ ጋሼ» አላቸው። ጋሼ አካፋዋን ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ ለለቅሶ ባስወለወሉት ጫማቸው ከኋላ ከኋላ ሄዱ።

ዝናቡ አመሻሽ ላይ መጣ። ቆርቆሮው መነጋገር አላስቻለም። አሁን ወደ በሩ የሚያየው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በሩን ልትዘጋ ስትነሣ ሐዘንተኛዋ እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

ዝናቡ አባርቶ መብራት ከተበራ በኋላ ተመለሱ። ሌሎቹ ጓሮ ሲቀሩ ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ የጫማቸው ቀለም አይታወቅም።

«እንዴት ሆነ፣ ጋሼ?»

«ያዘ።» ትንፋሽ አጠራቸው። «ውሃው መጣ፣ መጣ፣ አለቀልን ስል፣ በከፈትንለት መውጫ ታጥፎ ወደ ሣሩ ሄደ። እንደ ተቆጣ ሰው ሳይሆን እንደ ተለመነ ሰው። ቆሜ አየሁት።» ግንባራቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠራ ለእኔ አልነገረኝም።»

«ነግሮናል» አለች ሐዘንተኛዋ። «ለሁላችንም ነግሮናል፤ አልሰማነውም እንጂ።»

ጋሼ «ላጥባት» ብለው አካፋዋን ይዘው ወደ ቧንቧው ዞሩ።

«ይተዋት።»

ተቀበለቻቸው። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አጋደመቻትና እሷም ተቀመጠች። ጋሼ እግራቸውን ታጥበው ማዶ ቦታቸውን ያዙ።

ወዲያው የጋራዡ ባልደረቦች ገቡ፣ ቤቱ ሞላ። ኋላ የገቡት አዛውንት ቀለም ቀቢ ዙሪያውን አዩና ወደ አካፋዋ ወንበር ጠጋ አሉ። «ላንሣት፣ ልጄ? እዚህ ሰው አለ?»

«አለ» አለች ሐዘንተኛዋ።

ቀለም ቀቢው ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ጋሼ ብድግ አሉና የራሳቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው አንሥተው አመጡላቸው።