ከነዳጅ ማደያው ማዶ

ልጅቷ ያለ ፈቃድ ከድንበሩ ማዶ ተሻግራ ስትሠራ ቢይዟት፣ ጣሊያን የሰጠቻትን የመኖሪያ ካርድ ትነጥቃት ይሆን? ማንን ልጠይቅ? ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠውን ሁሉ ጠይቄአለሁ። አንዷ «አዎ» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ በፍጹም»። እኔ መሀል ላይ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የልጅ ልጄ ቲያና የወደብ ክሬን ኦፕሬተር ናት። እዚህ ጣሊያን፣ ትሪዬስቴ ከተማ ያመጣኋት ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ እዚሁ ተማረች፣ እዚሁ አደገች። ፓስፖርቷ ግን እንደኔው የሰርቢያ ነው። እዚህ ቋሚ ሥራ ስታጣ ኦስትሪያም ጀርመንም አመለከተች። ሁሉም የፓስፖርቷን አገር እስኪሰሙ ድረስ ደጎች ናቸው፤ ከዚያ ዝም። በመጨረሻ እዚህ አፍንጫችን ሥር፣ ስሎቬንያ፣ ኮፐር ወደብ ያለ አንድ ድርጅት «እንፈልግሻለን፤ ግን የኛ አገር የሥራ ፈቃድ ይምጣ» አላት። ይኸው ክረምቱ አለቀ፣ እሷም እየጠበቀች ነው።

አርብ ጠዋት እርጥብ በርበሬ ጠብሼ ስልጥ ልጄ ሉቢሻ መጣ። አርብ አርብ ማዶ ተሻግሮ ነዳጅ ይሞላል፣ ለኔም ሥጋ ይገዛል፤ እዚያ ይረክሳል። ሥጋውንና የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ቲያናን ያያት ጀመር።

«አሁንም ፈቃድ ትጠብቂያለሽ? ሥጋ ስገዛ ማን ጠየቀኝ? ነዳጅ ስሞላ ማን ጠየቀኝ? ድንበር እኮ አይደለም፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው!»

«ነዳጅ መሙላትና ደሞዝ መብላት አንድ ነው እንዴ፣ አጎቴ?»

«ውይ፣ ጠበቃዋ! ጓደኛዬ ድራጊሻ ማዶ ዕቃ የሚያራግፉ ልጆች አሉት። ሰኞ ግቢ፣ በእጅሽ ይከፍልሻል። ፈቃዱ ሲመጣ ክሬንሽ ላይ ትወጫለሽ።»

«ከመምጣቱ በፊት ቢይዙኝስ?»

«መልክሽ እንደነሱ፣ ቋንቋሽ እንደነሱ። በምን ይለዩሻል?»

የኛ ሰው በሽታ ይሄ ነው። ሥጋና ነዳጅ ስለምናመላልስ ድንበር መኖሩን ረሳነው። እኔ ግን ሁለቱንም እሰጋለሁ። ሄዳ ብትያዝስ? ቀርታስ ድርጅቱ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶ ባዶ እጇን ብትቀር?

«እማማ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ ቲያና። ፊቷ ጭልም ብሏል፤ ልትሸነፍ እንደሆነ ገባኝ።

«አትሄጂም!» አልኩ፣ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ክሬን ላይ፣ ሰማይ ጥግ ወጥታ የምትሠራ ልጅ በጓሮ በር አትገባም።»

ሉቢሻ ሳቀ። «አንቺ እኮ ሊፍት የምትፈሪ ሴት ነሽ፣ እማዬ!»

«እፈራለሁ! አንተንም ስወልድ ፈርቼ ነበር፤ ወልጄህ ግን ይኸው ታፌዝብኛለህ።» ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ለድርጅቱ ደውለሽ ጠይቀሻል?»

«እንዳይሰለቹኝ ብዬ...»

«ይሰልቹ! እኔ ሁሉን ሰው ስጠይቅ፣ አንቺ የሚያውቁትን ትፈሪያለሽ? ደውዪ። አሁን፣ እዚሁ!»

ደወለች። ቋንቋቸው ከኛው ጋር ይቀራረባል፣ ግን እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ስለምታወራ ከአሥር ቃል ሁለቱን ብቻ ነው የያዝኩት። በርበሬው በእጄ እንደተያዘ ቀዘቀዘ። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ረጥቧል።

«ምን አሉሽ? በእግዚአብሔር ተናገሪ!»

«ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የስልጠና ምስክር ወረቀቴን ዋናውን ይፈልጋል። ጽፈውልኝ ነበር አሉ፤ አልደረሰኝም። ዛሬ ከምሳ በፊት ካደረስኩላቸው ራሳቸው ይወስዱልኛል። ቦታውንም ይዘውልኛል። ሌላ ሰው አላሰብንም አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ!»

«አውቶቡሱ አሁን አመለጠኝ፣ እማማ። የሚቀጥለው ከሰዓት ነው።»

ዞሬ ልጄን አየሁት። ቲያና ምስክር ወረቀቷን ልታመጣ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ሉቢሻ ሥጋውን ገፋ አደረገና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ፤ በሩን ለእሷ ክፍት ትቶላት መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ።