የእኔ ቆርቆሮና የሐጂ ዓላል ገንቦ

እኛ የሪፍ ተራራ ሴቶች ስንት ዘመን ኪፍ የሚሉትን የሚጨስ ዕፅ አብቅለናል። ማጨሱ የወንዶቹ ነው፤ መኮትኮቱና ማጨዱ የእኛ። ባሌ ሙፈደል ሲሞት ልጄ ጀዋድ ቴቱዋን ከተማ አምጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቀለኝ። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ስልኩን ይዞ ይተኛል። በዚያ ቤት የገዛ ድምፄን የምሰማው ስሰግድ ብቻ ነበር።

የካቲት ላይ የሙፈደልን የኪፍ ዘር ጣሪያው ላይ በባዶ ቆርቆሮ ዘራሁ፤ ሰው እንዳያየው አንሶላ አሰጣሁበት። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጣሪያ የሐጂ ዓላል ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጣ፣ መካ ደርሶ መጥቶም ፒፓውን ያልጣለ ሰው ነው። እሱም በሸክላ ገንቦ ተክሏል። የወይራ ዘይት ቆርቆሮዬን አይቶ፣ ሰርዲን ሊያሽጉበት ነው ወይ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አጥሩን ተደግፈን ክርክር ሆነ። የእሱ አፈር ከሱቅ በከረጢት የተገዛ ነው፤ አሸዋና የሻይ ቅጠል ዝቃጭ ቀላቅሎበታል። የእኔ በጆንያ ከመንደር የመጣ፣ ዓመት የከረመ የፍየል በጠጥና የተጨመቀ ወይራ ገለባ የገባበት ነው። ቆርቆሮ ሥር ያቃጥላል አለ፤ እውነቱን ነው፣ በሐምሌ ሐሩር ቅጠሌ ሲጠወልግ እርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩበት። ገንቦ ውሃ ይጠጣል አልኩት፤ የእሱም በቀን ሁለቴ ካልጠጣ አንገቱን ይደፋል። በስንዝር ስንለካ የእኔ በለጠ። አፈሩ ነው ወይስ ዕቃው? አናውቅም። ለከርሞ ዕቃ ተቀያይረን እንፈትናለን አለ። ለከርሞ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ስለነበር ደረጃውን እያንጎራጎርኩ ወረድኩ።

አበባ ሲጀምር፣ ብናኛቸው በነፋስ ሄዶ ሴቴዎቹን ፍሬ እንዳያስይዝ ወንዴዎቹን ነቀለ፤ እርስዎም ይንቀሉ አለኝ። ነቀልኩ። አንዱን ግን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ደብቄ አስቀረሁ። በመንደራችን የመጨረሻው ወንዴ አይነቀልም፤ ለዘር ይቀራል። ኪፉ ፍሬ ቢይዝም ማንም አይቀየም፣ የሁሉም እንዲያው ነውና። አሁን እዚያም የሚዘራው ከውጭ የመጣ ዘር ነው፤ የሙፈደል ዘር የቀረው እኔ እጅ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ሐጂ አንድ ቅርንጫፍ መዳፉ ላይ ሲያሸው ፍሬው ረገፈ። ገንቦዎቹ በሙሉ እንዲያው ነበሩ፣ ለፒፓ የሚሆን አንድም አልተረፈውም።

«እሜቴ ያምና፣ ወንዴ አስቀርተዋል?» አለኝ።

«አንድ» አልኩ።

«ቢነግሩኝ እኔው ራቅ ካለ ቦታ አስቀምጥልዎ ነበር።»

«ይንቀሉት ይሉኛል ብዬ ነው።»

«ኪፉስ ይቅር፣ ከገበያ ይገዛል። እኔ የሚያወራኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደረጃ ስወጣ፣ እርስዎ ዓይን ዓይኔን እያዩ ደበቁኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆንን። እሱ አጥሩ ላይ የሸምበቆ መጋረጃ አቆመ፤ ውሃም የሚያጠጣው በጠዋት ሆነ። የብርዱን ወራት ሙሉ አሥር ሰዓት በደረሰ ቁጥር ጣሪያ ወጥቼ ሸምበቆውን አይ ነበር። ዘሩን በጠርሙስ ሞልቼ አስቀምጫለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ዘንድሮም ዘራሁ። ወንዴዎቹ ሲለዩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳላስቀር ነቀልኩ። ሙፈደልን ይቅር በለኝ አልኩት። በማግስቱ በጠዋት ወጥቼ ሸምበቆው አጠገብ ቆምኩ። ማዶ ሐጂ ሲያጠጣ ውሃው ሲፈስ ይሰማል።

«ሐጂ» አልኩ፣ «ዘንድሮ ሁሉንም ነቅያለሁ። የመጨረሻውንም።»

ውሃው ቆመ። ጠበቅኩ። ከዚያ እንደገና መፍሰስ ጀመረ።