ቀዩ ገመድ

ቤታችን ውስጥ ክብሪት የሚሉኝ እኔን ነው። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ በአምስት ዓመቴ፣ ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ ጫማውን በመስኮት የወረወርኩት ቀን። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ስሜን የሚያስመሰክር ሥራ ሠራሁ፤ የማላውቀው ሰው ጋ ስልክ ደውዬ ጮህኩበት። እንኳንም ጮህኩበት።

ነገሩን የጀመረችው ታናሽ እህቴ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗን ከገለጠችበት ሰዓት ጀምሮ ስለምትጠይቅ ጥያቄ እንላታለን። የአክስታችንን የሠርግ ዲስክ ከፍተን እያየን ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ያሳጥራል። እናቴ ሶፋው ላይ ናት። ዲስኩ በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ወድቆ፣ ስንት ጊዜ ተጭሯል፤ ዴካችን አንዳንዴ ያነበዋል፣ አንዳንዴ አኩርፎ ይተፋዋል። የዚያን ቀን አንብቦት ነበር። መሐል ላይ እናቴ ማይክሮፎን ይዛ ትዘፍናለች። ትዘፍናለች ስል አፏ ይከፈታል ማለቴ ነው። የሚሰማው ቪዲዮ ቀራጩ የለጠፈበት ሙዚቃ ነው፤ ኦርጋን በኦርጋን።

"እማዬ እዚህ ጋ ምን እያለች ነው?" አለች ጥያቄ።

ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ እናቴ የእንቅርት ቀዶ ጥገና አደረገች። ሐኪሙ ለድምፅሽ ያሰጋል ብሎ አስቀድሞ ነግሯት ነበር፤ እንደፈራውም ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ከሌላ ክፍል ስትጠራን ታጨበጭባለች፤ አንዴ ለአባቴ፣ ሁለቴ ለእኔ፣ ሦስቴ ለጥያቄ። ጥያቄ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ የእናቷን ድምፅ አታውቀውም። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አውቀዋለሁ እያልኩ እኖራለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ከጠፋብኝ ቆይቷል። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

"አፏን ሳየው ግን ጎበዝ ዘፋኝ ትመስላለች" አለች ጥያቄ።

ደሜ ፈላ። የዲስኩን ሽፋን አንስቼ ጀርባው ላይ ወደ ተጻፈው የቀራጩ ቁጥር ደወልኩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ይሠራል ብዬ ሳይሆን ንዴቴን ለመወጣት ነው። አነሳው!

"የእናቴን ድምፅ በዚያ በማይረባ ኦርጋንህ የሸፈንከው በማን ፈቃድ ነው?" አልኩት፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ሰውየው እስክጨርስ ታገሠኝ። "እህቴ፣ እኔ የማንንም ድምፅ ሸፍኜ አላውቅም" አለኝ። "ሙዚቃውን በግራ፣ የአዳራሹን ድምፅ በቀኝ ነበር የማስገባው፤ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሠራሁት። ግራው ነጩ ገመድ፣ ቀኙ ቀዩ ነው፤ ሁለቱንም ሰክታችሁ አይደል እንዴ የምታዩት?"

እየሮጥኩ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄድኩ። ከዴኩ በአንድ ሶኬት ወጥቶ ሦስት ቦታ የሚከፈል ገመድ አለ። ቢጫው ተሰክቷል። ነጩ ተሰክቷል። ቀዩ ግን ከመሐሉ ተቆርጧል፤ ያውም ጥርት ተደርጎ፣ በሰለጠነ እጅ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

"የቴሌቪዥኑ የድምፅ ቀዳዳ እኮ አንድ ብቻ ነው" አለ አባቴ ሳይጠየቅ። "ቀዩ ሥራ ፈቶ ተንጠልጥሎ ነበር።"

አባቴ የተንጠለጠለ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ሰው እጅጌ ላይ ክር ካየ ሰላም ከማለቱ በፊት መቀሱን ነው የሚያወጣው። የመጋረጃውን ዘርፍ ቆርጧል፤ የጃንጥላዬን ማንጠልጠያ ቆርጧል። አሁን ደግሞ እናቴን!

"አባዬ፣ አሥር ዓመት ሙሉ!" ብዬ ልጀምር ስል ስልኩ ውስጥ ሰውየው ሳቀ። "ተረጋጊ፤ ገመድም አያስፈልግሽም። የዴኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ ድምፁን ቀኝ ብቻ ብታደርጊው የአዳራሹ ድምፅ በነጩም ይወጣል።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት። በአንድ ጊዜ አንቱ ሆነ።

ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ሪሞቱን አነሳሁ። ማስተካከያ፤ ከዚያ የድምፅ አወጣጥ። የመጀመሪያውን ነገር ስነካው ኦርጋኑም ጠፍቶ ቤቱ ጭጭ አለ። ጥያቄ ጮኸች። "እሱ ለትልልቅ ድምፅ ማጉያ ነው፤ መልሺው" አለኝ ሰውየው። መለስኩት። ከሥሩ "ግራ፣ ቀኝ፣ ሁለቱም" የሚለውን አገኘሁት፤ ጽሑፉ ግን ደብዝዟል፣ ብጫነው ብጫነው ንቅንቅ አይልም።

"ዲስኩ እየዞረ አይቀየርም" አለ ሰውየው። "መጀመሪያ አቁሚው።"

እርስ በርስ ተያየን። ባለፈው ዲስኩ ቆሞ እንደገና እስኪነበብ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። "ካቆምነው በዚያው ሊቀር ይችላል" አለ አባቴ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ። እኔ፣ ምንም ነገር ከማድረጌ በፊት አስቤ የማላውቀው ሴትዮ፣ ፈራሁ። ያኔ እናቴ ከሶፋው ተነስታ መጣች፤ ጣቷን ጣቴ ላይ አድርጋ ተጫነችው።

ዲስኩ ቆመ። የደበዘዘው ጽሑፍ በራ። ቀኝ አልኩ፤ ማጫወቻውን ነካሁ። "ዲስክ የለም" አለ ዴኩ። ደገምኩት። "ዲስክ የለም።"

"አለ እንጂ! ዓይንህ ነው የሌለው!" ብዬ ዴኩ ላይ ጮህኩበት።

አባቴ ቀስ አድርጎ ዲስኩን አወጣው። ከሥራው የተረፈ የኮት ገበር አንስቶ ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ የጠመኔ ምልክት ከኮሌታ ላይ እንደሚያራግፍ አድርጎ ጠረገው። መልሶ አስገባው። ዴኩ አጉረመረመ፣ አመነታ፣ ከዚያ አዳራሹ ብቅ አለ።

ኦርጋኑ የለም! ሰው ያስላል፤ ሳህን ይንቃጨላል፤ ወንበር ይጎተታል። "ወንበር! የወንበር ድምፅ ነው!" ብላ ጥያቄ ዘለለች። የወንበር ድምፅ እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም። በአባቴ ስልክ መቅዳት ጀመርኩ። ወደፊት ማሳለፍ ስለፈራን ሠርጉን ደቂቃ በደቂቃ ጠበቅን፤ ቀራጩም ስልኩን አልዘጋም።

እናቴ ማይክሮፎኑን ያዘች።

ድምጿ ወፍራም ነው። ቀጭን ይመስለኝ ነበር! ለካስ በሐሳቤ ይዤው የኖርኩት የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚል ድምፅ። እንደ እብድ ደስ አለኝ። ጥያቄ አፏን ከፍታ ቀረች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ አልነበራትም። አባቴ መቀሱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አቀርቅሯል። እናቴ መጀመሪያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ቆይታ ገለጠችውና በሹክሹክታ ከራሷ ጋር አብራ መዝፈን ጀመረች።

ዘፈኑ አለቀ፤ ተጨበጨበ። እናቴ ማይክሮፎኑ መከፈቱን ረስታ፣ በዚያ ድምጿ ወደ አዳራሹ ጥግ ተጣራች።

"ክብሪት! አንቺ ክብሪት! ነይ ይቺን ልጅ ያዢልኝ!"

"አቤት እማዬ!"

ያልኩት እኔ ነኝ። ተነስቼ ሁለት እርምጃ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄጃለሁ።

"'ይቺ ልጅ' ያለችው እኔን ነው?" አለች ጥያቄ። "በናትሽ፣ እኔን ነው?"

"አንቺን ነው።"

ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበ። ዞርኩ። እናቴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች።

"ያን ቀን ስጠራሽ እኮ አኩርፈሽ አልመጣሽም" አለችኝ በሹክሹክታዋ።

"አሁን መጣሁ" አልኳት፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጅ እየታገልኩ ከመሬት አንስቼ አቀፍኳት።