ስርጉት ወደ ሎያዳ የወጣች ዕለት

ስርጉት ያደገችው ባሕር ዳር ነው። እዚያ ብስክሌት መንዳት እንደ መራመድ ነው፤ አባቷ ደግሞ ብስክሌት ጠጋኝ ስለነበሩ ፊደል ሳትቆጥር ነበር ጎማ መፍታት የለመደችው። ጂቡቲ መጥታ ጋቦዴ ሰፈር፣ ከፈረንሳዮች ቤት ሥራ ከገባች ወዲህ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የምታውቀው መንገድ ከቤት ገበያ፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ የአሠሪዋ ባል ብስክሌት በረንዳ ላይ አቧራ ለብሳ ስትቆም አላስችላት አለ።

"ማዳም፣ ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ይቺን ብስክሌት ይፈቅዱልኛል?"

"የት ልትሄጂባት?"

"መንገዱ እስከሚያልቅ።"

ማዳም ሳቀችና ፈቀደች። የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ በለጡ ግን ነገሩን ስትሰማ፣ "አንቺ ሴትዮ ፀሐይ መትቶሻል" አለቻት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ስርጉት ሱሪዋን ከቀሚሷ ሥር አጥልቃ፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ከማንኪያ ጋር ቋጥራ ወጣች። ከተማው ገና አልነቃም። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አልፋ፣ ደመርጆግ የምትባለውን መንደር ስትሻገር፣ ከፊቷ ጥቁር ድንጋይ፣ ግራር፣ በስተግራዋም ባሕር ብቻ ቀረ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ስታንጎራጉር የኖረችውን ዘፈን ድምፅዋን ከፍታ ለቀቀችው። አንዲት ግመል አንገቷን አዙራ አየቻትና ወደ ቅጠሏ ተመለሰች።

እንዲህ እየዘፈነች የግራር እሾህ ላይ ወጣች። የኋላው ጎማ ትንፋሹን ጨረሰ። መጠገኛ የለ፣ መንፊያ የለ። ወርዳ በማንኪያዋ እጀታ ጎማውን ፈልቅቃ ስታየው የውስጡ ጎማ፣ ከመነዳሪው፣ ሁለት ቦታ ተቀዷል። ወደ ከተማ በእግር ይመለሱ ቢሉት ግማሽ ቀን ነው።

ቁና ቁና እየተነፈሰች ሳለ አንዲት ፍየል ጠባቂ ሴት፣ ሃምሳውን የተሻገረች፣ አንድ እስር ደረቅ ሣር ተሸክማ መጣች። ስሟ ጀዋሪያ ነበር። ስርጉት በገበያ የለመደችው ሶማሊኛ ለሰላምታና ለጨዋታ ይበቃታል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለች ጀዋሪያ።

"ጎማዋን እሾህ ወጋብኝ። ከእንግዲህ አትሄድም።"

ጀዋሪያ ብስክሌቷን ዞራ አየቻት። "እንስሳ መሄድ እንቢ ሲል ርቦት ይሆናል። ሣር አብያት።"

ስርጉት ልትስቅ ጀምራ አቆመች። አባቷ፣ ከመነዳሪ ከገበያ በጠፋ ዘመን፣ የድሃ ደንበኞቻቸውን ጎማ በሣር ይሞሉ ነበር።

"እውነትሽን ነው" አለቻት። "ትሰጪኛለሽ?"

ጀዋሪያ ቀልዷ ቁም ነገር ሲሆን ገርሟት ተቀመጠች። አንዷ ሣሩን እየጠመዘዘች፣ ሌላዋ በማንኪያ እየጠቀጠቀች፣ ጎማው እስኪደነድን ሞሉት። ስርጉት ስለ ሣሩ ምን ላድርግልሽ ብትላት፣ ጀዋሪያ በአገጯ ወደ ኮርቻው አመለከተች።

ስርጉት ከኋላ ይዛት እየሮጠች፣ ጀዋሪያ ቀሚሷን ሰብስባ መሪውን አንቃ፣ ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በአራተኛው ስርጉት ለቀቀቻት። ጀዋሪያ አሥር ክንድ ያህል ብቻዋን ሄደችና አሸዋው ላይ በጎኗ ተጋደመች። ስርጉት ደንግጣ ብትደርስ ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ፍየሎቹ ተበትነው ነበር፤ አብረው ሰበሰቧቸው።

ከዚያ ስርጉት ቆም ብላ አሰበች፤ ከተማው ሩቅ፣ የድንበሩ መንደር ሎያዳ ቅርብ ነው። ወደፊት ነዳች። በሣር ጎማ መሄድ በግትር በቅሎ እንደመሄድ ነበር፤ ቢሆንም ደረሰች። ድንበሩ ላይ አንድ ወታደር እጁን ዘረጋ።

"ከዚህ ወዲያ ሌላ አገር ነው።"

"መንገዱ አለቀ ማለት ነው?"

"ለአንቺ አልቋል" አላት ፈገግ ብሎ።

ባሕሩ ዳር ወርዳ፣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ድንቿን በላች። ማንም አልጠራትም። ስትመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለነበር ዳገት ዳገቱን እየገፋች፣ ሜዳውን እየነዳች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋቦዴ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ጭኗ እንቢ ስላላት ደረጃውን የወረደችው የኋሊት ነበር። ማዳም "ምን ሆንሽ?" ብላ ብትጠይቃት፣ በሚቀጥለው ዓርብ አርታ ተራራ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀቻት።